ቆላ ወርደን የጾምነው ጾም

እኔ ወጣት አልወድም። ይህን ስል ሰው ይደነግጣል፤ ዕድሜዬን ደብረ ብርሃን ላይ የፈጀሁት ጠዋት ወጣት በማስተማር፣ ከሰዓት ደግሞ የወጣቶች ክበብ በማስተባበር ነዋ። አልወድም ማለቴ እጠላለሁ ማለት አይደለም። ያንን የሚያስቀና ጉልበታቸውን ምን ላይ እንደሚያውሉት ሳይ ደሜ ይፈላል ማለቴ ነው።

ለምሳሌ የባህል ቀን። በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ አዳራሽ ይለመናል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ባነሩ ላይ ስለ ብዝኃነት አንድ ሁለት መስመር ይጻፋል። ከፎቶ ቤት ልብስ ይከራያሉ። አንዱ ሽርጥ አገልድሞ አፋር ይሆናል፣ አንዷ ጨሌ ደርድራ ቦረና ትሆናለች፣ አንዱ ደግሞ ጥጥ አገጩ ላይ ለጥፎ የቆላ ሽማግሌ ነኝ ይላል። ይጨፈራል፣ ይጨበጨባል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ በቃ አለቀ። ሌላውን ባህል አወቅን ብለው ፎቷቸውን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ። አፋር የሆነው ልጅ ከከተማችን ጫፍ ከጠባሴ ወዲያ ተሻግሮ አያውቅም። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ይሄ» እላቸዋለሁ። «ቲቸር ደግሞ!» ብለው ይስቁብኛል።

እኔም ብሆን አልተሻልኩም። ስለ ባህል ትውውቅ ሥልጠና ተብሎ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ብስኩት ስንበላ ሰንብተናል። ከዚያ ይዤው የተመለስኩት አንድ ምክር ነበር፤ «ልዩነትን ከሚያጎላ ጉዳይ ተቆጠቡ» የሚል። ሲነገረኝ ብልህ ነገር መስሎኝ ራሴን ነቅንቄያለሁ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ የዚያን ምክር ዋጋ በኋላ አየሁት።

ከክበቡ ልጆች አንዷ የአልዩ አምባ ልጅ ነበረች። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ገደሉን ወርደው የሚያገኟት የቆላ ከተማ ናት፤ እስላሙና ክርስቲያኑ አጥር ለአጥር የሚኖርባት። ልጅቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ጠባሴ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። በክበቡ ውስጥ ሙስሊም እሷ ብቻ ነበረች። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ ትመጣለች፣ ወንበር ትደረድራለች፣ ሳትናገር ትሄዳለች። ክፉ የሚናገራት የለም። ደግ የሚናገራትም አልነበረም።

ለዘንድሮው የባህል ቀን ማን ምን ይልበስ ብለው ሲጨቃጨቁ ዋሉና ተበተኑ። እሷ ቀረች።

«ቲቸር፣ ሽርጥ ከሚከራዩ አባቴ ቤት ይምጡ» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት ታይፎይድ ይዟት ተኝታ ነበር። አባቷ ፍየል ነጋዴ ነው፤ ፍየል ሊሸጥ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ጎራ ቢል ልጁ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ከንጣፍ ተጣብቃ አገኛት። «ውሃ ማን ያቀብልሻል?» አላት። «ማንም» አለችው። በማግስቱ ጓዟን ጠቅልሎ ይዟት ወረደ። መስከረም ላይ እግሩ ላይ ወድቃ ነው የተመለሰችው፤ ያውም በውል። «በጥቅምት ሰዎችሽን ይዘሽ ነይ፣ ልያቸው። ሰው ካለሽ ተማሪ። ሰው በሌለሽ አገር ግን ልጄን አላስቀምጥም፤ ትምህርቱ ይቅርና አጎትሽ ሱቅ ትቆሚያለሽ» ብሏታል።

«ታዲያ ሰው አለሽ?» አልኳት።

መሬት መሬት አየች። «እንጃ፣ ቲቸር። እኔም ማየት እፈልጋለሁ።»

ለልጆቹ ልንገራቸው ብላት እጄን ያዘችኝ። «እንዳትነግሪያቸው፤ በአላህ ይዤሻለሁ። አዝነውልኝ እንዲመጡ አልፈልግም።» እሺ አልኳት፤ ምን ላድርግ።

በማግስቱ ክበቡን ሰብስቤ፣ «ዘንድሮ የልብስ ኪራይ የለም። ሰው ቤት እንሄዳለን። ቆላ እንወርዳለን» አልኳቸው። ሊቀ መንበራቸው ተነሣ። ይህ ልጅ ረጅም ነው፣ አፈ ቅቤ ነው፣ ማይክ ካየ እጁን ይበላዋል። የሚቃወም መስሎኝ ነበር።

«ቲቸር፣ እዚያ ኔትወርክ አለ?» አለ።

መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት ጊዜ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ተከራይተን ወጣን። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልጆቹ ጃኬት በጃኬት ደርበው፣ አንደኛው የአባቱን ጋቢ ተከናንቦ፣ አስታማሚ መስለው ተሳፈሩ። አንኮበር አፋፍ ላይ ያለችው ጎረቤላ ስንደርስ ጉሙ አፍንጫችን ድረስ ነበር። ምግብ ቤት ገብተን እንቁላል ፍርፍር አዘዝን። አንድ ዙር በሉ። ደገሙ። ሊቀ መንበሩ የሌላውን ትሪ ሳይቀር በዳቦ ጠረገ። ልጅቱ ሻይዋን በዳቦ እየጠጣች ታያቸው ነበር፤ ደስ ብሏታል፣ ከፊቷ ይነበባል።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ከኋላ አንዷ ልጅ ጠየቀችኝ፤ «ቲቸር፣ ሥጋ ቢያቀርቡልንስ?»

ጥያቄው የሁላችንም ነበር። እኛ አገር ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ልጅቱ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ስለነበር አልሰማችም። እኔ ቀጥ ያለ መልስ መስጠት ሲገባኝ፣ ያ የሆቴል አዳራሹ ምክር ከየት መጣ ሳይባል አፌ ላይ ዱብ አለ። «ልዩነትን የሚያጎላ ነገር አታንሱ፤ ብቻ አክብሩ» አልኳቸው። እሺ አሉ። ከዚያ ኋላ ወንበር ላይ ሹክሹክታ በዛ። ሊቀ መንበሩ ሲያብራራ ይሰማኛል፣ ምን እንደሚል ግን አልያዝኩም። ዝም ሲሉልኝ ደስ አለኝ። የወጣት ዝምታ ደስ ሊል አይገባም፤ ዕድሜ ልኬን አስተምሬ ይህን እንኳ አላወቅሁም።

አልዩ አምባ ስንወርድ ሙቀቱ ጃኬቱን አንድ በአንድ አስወለቃቸው። ባለ ጋቢው ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ነው የገባው። አባትየው ደጅ ቆሞ ጠበቀን፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ጢሙን ሂና የነካው ሰው።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ! ማሻአላህ! ደህና ናችሁ? እናት አባቶቻችሁ ደህና ናቸው? ከብቱ፣ አዝመራው? መንገዱ አልጎዳችሁም?»

የኛዎቹ «ሰላም ነው» አሉ። በቃ፣ «ሰላም ነው»። ሰውየው የሰላምታውን አንድ አምስተኛ እንኳ ሳይጨርስ። እኔ ለሁሉም ፈንታ «እግዜር ይመስገን፣ እናንተስ?» እያልኩ አፌ ደረቀ።

ፓፓያ ቀረበ። ደጋ ላይ በኪሎ ገዝተን በቀጭኑ የምንከፋፍለውን ፓፓያ በሳፋ አመጡልን። ልጆቹ ወረዱበት። አባትየው ፓፓያውን አላየም። የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። ልጁ ማሰሮ ይዛ ምሰሶው ሥር ቆማለች፤ ልጆቹ በሙሉ ወዲያ ማዶ መደቡ ላይ ተደርድረዋል፣ በመካከል አንድ ቤት የሚሠራ ቦታ ባዶ ቀርቷል። አንዱ እንኳ «ነይ እዚህ ተቀመጪ» አላላትም። ዓይኑ ከእነሱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እነሱ ይመላለሳል። ፍየል ሲገዛም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም የሚያየው። እኔ በዓይኔ እጠቅሳቸዋለሁ፤ ማን አይቶኝ! ፓፓያ ላይ ናቸው።

አባትየው የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግዶ ተመለሰና፣ «በሉ እጃችሁን ታጠቡ፣ ምሳ ደርሷል» አለ።

ይህን ጊዜ ሊቀ መንበሩ ብድግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ማይክ ቢኖር ኖሮ ይይዘው ነበር።

«አባባ፣ በጣም እናመሰግናለን። ግን ሁላችንም ጾም ላይ ነን።»

ፓፓያዬን ሳፋው ላይ መለስኩ።

«ጾም?» አለ አባትየው።

«አዎ፣ የጽጌ ጾም።»

ጽጌ ማለት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የወደደ የሚጾመው፣ ያልወደደ የሚተወው ጾም ነው። እናቴ ትጾመዋለች። መነኮሳት ይጾሙታል። ሊቀ መንበሩ እንኳን ጽጌን ሁዳዴንም በግድ ነው። አባትየው ጢሙን ዳሰሰ።

«ልጄ፣ እኔ ፍየል ነጋዴ ነኝ። የናንተን ጾም ካላወቅሁ ልጆቼን ምን አበላለሁ? ሁዳዴ ሲገባ ፍየሌን የሚያያት የለም። ፍልሰታም እንደዚያው። በጽጌ ግን አንድ ቀን ገበያ ቀዝቅዞብኝ አያውቅም። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ወጣቱ በሙሉ መነኮሰ እንዴ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሊቀ መንበሩ ማፈግፈግ ሲገባው ባሰበት። «አዎ፣ ዘንድሮ እንደ ክበብ ወስነን ነው» አለ። እንደ ክበብ! ሌሎቹም ራሳቸውን በኅብረት ነቀነቁ። መካከላቸው አንድ ጴንጤ ልጅ አለ፤ አባቱ ከደቡብ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ፣ በቤታቸው ጽጌ የሚባል ነገር ተሰምቶ የማያውቅ። ከሁሉ አብልጦ የነቀነቀው እሱ ነው።

«መምህርት፣ አንቺም?» አለኝ አባትየው።

እውነቱን ብናገር ልጆቹን ማዋረዴ ነው። ብዋሽ ሰውየውን መናቄ ነው። ያገኘሁትን ትልቁን ፓፓያ አንሥቼ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ለካ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው እንዲህ ያለው ሰዓት ነው።

ልጅቱን ቀና ብዬ አየኋት። ማሰሮውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ጠዋት እንቁላሉን ሲጠርጉ አይታለች። እናም የገባት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰዎቼ ያልኳቸው በአባቴ ቤት ላለመብላት እንደ ክበብ ወሰኑ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ትልቅ ድስት የተሸከሙ ሚስታቸውን አስከትለው ገቡ። አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ አለ። ጎረቤት ናቸው። ጥብሱ ቤቱን አወደው።

«የታሉ እንግዶቹ?» አሉ ሽማግሌው።

«ጾመኞች ናቸው አሉ» አለ አባትየው፣ ቀስ ብሎ።

«ምን? የምን ጾም?»

«ጽጌ።»

ሽማግሌው እኛን አዩን፣ ድስቱን አዩ፣ መልሰው እኛን አዩን። ከዚያ በኋላ የወረደብንን እንዳለ ብጽፈው ደስ ባለኝ፤ የሚጻፍ አይደለም። የሚጻፈው ይኸው።

«ጉድ በል ሸዋ! እኔ ክርስቲያኑ በስመ አብ ብዬ በእጄ ያረድኳትን? ሚስቴ በራሷ ድስት፣ በራሷ ቤት የሠራችውን? ይህ ሰው እኮ ከመንጋው መርጦ፣ ለልጄ ጓደኞች ብሎ ሙክቱን አውጥቶ የሰጠኝ! እሱ አይቀምሰው፣ ሚስቱ አትቀምሰው፣ ልጁ አትቀምሰው! በዚህ ቤት ማንም የማይበላውን ሙክት ነው ለናንተ ያሳረደው! ጽጌ! ጽጌ ይግደላችሁ!»

«ተው፣ ተው፣ እንግዶች ናቸው» አለ አባትየው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ለጎረቤቱ እየተናገረ ልጁን ነበር የሚያያት፤ በዓይኑ ጓዟን እየሸከፈ እንደሆነ አወቅሁ። «ለጾመኞቹ ሽሮ ሥሩላቸው፤ ሥጋውን አንተ ውሰደው» አለ።

«የሚሠራ ሽሮ የለም!»

ልጅቱ ናት። ማሰሮውን መሬት ላይ ስታስቀምጥ ውሃው ፈሰሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክበብ ውስጥ ይህን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

«አባዬ፣ ዋሽተውህ ነው! ጾምም የላቸው፣ ምንም የላቸው! ጠዋት ጎረቤላ ላይ እንቁላል በልተዋል፣ ደግመው በልተዋል! አንተ!» ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረች፤ «ትሪውን በዳቦ ስትጠርግ አላየሁህም? ምን ሽቶህ ነው? የአባቴ ቤት ሸተተህ? አንተ ደግሞ፣» ወደ ጴንጤው፣ «ጽጌ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ንገረኝ እስቲ፣ ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«አታውቅማ! ታምሜ ስተኛ አንዳችሁ ደጄን አላንኳኳችሁም። እሱን ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልላችሁም! እናንተ ውሸታሞች!»

እንደ ሕፃን ስድብ ደረደረችባቸው። በሩ ክፍት ነው፤ ሚኒባሱም ደጅ ቆሟል፤ ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ቢሰደቡ ሁለተኛውን ቃል አይጠብቁም ነበር። ማንም አልተነሣም። ሊቀ መንበሩ አፉን ከፈተ፤ የፈራሁት ንግግር ሊጀምር ነው ብዬ ነበር። እጁን ግን ደረቱ ላይ አላደረገም።

«ስለታመምሽው አላወቅሁም። ማወቅ ነበረብኝ። ጾሙን እኔ ነኝ ያመጣሁት። እስላም ያረደውን አንበላም ማለት አባትሽን የሚያስቀይም መስሎኝ ነው። ይቅርታ። አባባ፣ ይቅርታ።»

አባትየው ተገርሞ አየው።

«ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ሞኝ! እና ምን ያስቀይማል? እኔስ ያንተን መች እበላለሁ? ደብረ ብርሃን ስወጣ ሥጋ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ የተቀየመኝ ሰው የለም። ይህን ሽማግሌ ታየዋለህ? ከልጅነታችን ጀምሮ አንዳችን የአንዳችንን ሥጋ ቀምሰን አናውቅም። ስደግስ ለእሱ የብቻው ይታረዳል፣ ሲደግስ ለእኔ የብቻዬ ይታረዳል። ብሞት መጀመሪያ አካፋ የሚያነሣው እሱ ነው። አልበላም በለኝ፣ እሺ ብዬ የምትበላውን እፈልግልሃለሁ። ስትዋሸኝ ግን ምን ላድርግህ?»

ያን የሆቴል አዳራሽ ምክር የመከሩኝን ሰዎች ጠርቼ እዚያ መደብ ላይ ባስቀምጣቸው ብዬ ተመኘሁ። ያለ ብስኩት።

ልጅቱ አሁን ፊቷን ሸፍናለች። የሠራችውን ያወቀችው ገና ያን ጊዜ ይመስለኛል። አባቷ ሰው ካላት ሊያስቀምጣት፣ ከሌላት ሊያስቀራት ነበር የጠራን፤ እሷም በገዛ አፏ፣ ታምሜ አልጠየቁኝም ብላ መሰከረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኔም ብድግ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቱን በዚህ...» ልል ስጀምር በእጁ አስቆመኝ።

«ቆይ፣ መምህርት።» ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺ፣ ቀና በይ። ከነዚህ ጋር ስንት ጊዜ እንዲህ ተቆጥተሻል?»

«ዛሬ ገና ነው፣ አባዬ።»

«ወላሂ፣ እኔ እናንተ ከገባችሁ ጀምሮ ልቤ ቆርጦ ነበር። ሰው የላትም ብዬ ነበር፤ ይዣት እቀራለሁ ብዬ ነበር። ለባዳ ዝም ነው የሚባለው። ባዳ ሲያስቀይምሽ ውሃ ቀድተሽለት፣ ፈገግ ብለሽ ትሸኚዋለሽ። አሁን ግን በአደባባይ ሰደብሻቸው፤ እነሱም በር ክፍት ሆኖ ሳለ አቀርቅረው ሰሙሽ። ማንም እንዲህ የሚያደርገው ለራሱ ሰው ነው።» ልጆቹን በአገጩ አመለከተ። «ውሸታሞች ናቸው። ግን ሰዎችሽ ናቸው። ሂጂና ተማሪ።»

ልጆቹ ነገሩ ገና ግማሹ ነው የገባቸው። በምን ፈተና ላይ ተቀምጠው ፓፓያ ሲበሉ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ የወጣው። አንዷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ሊቀ መንበሩ ከመደቡ ወርዶ ያንን ባዶ ቦታ ተሻገረና ልጅቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

የጎረቤቱ ሚስት ድስቱን አምጥተው ጥብሱን መካከላቸው በቀረበው እንጀራ ላይ አወጡት። ማንም እጁን ለመዘርጋት አልደፈረም። ልጅቱ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ እሷ የማትቀምሰውን ሙክት በቁራሽ እንጀራ ወደ እያንዳንዳቸው እየገፋች፣ «ብሉ እንጂ!» ብላ ጮኸችባቸው።

በላን።